ከዲላ እስከ ሶል አንድ ስንዝር

ሶል፤ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ነብዩ፥

ሰላምታዬ ዘግይቶ ቢደርስህም እንኳን አደረሰህ፤ ለሉሲም ለልጆቹም እንኳን አደረሳችሁ በልልኝ። እንቁጣጣሽ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት እንኳን አደረሰህ ማለቴን አባባ ቢያይ ከዳር ላይ «የሻገተ ሰላምታ» ብሎ እንደሚጽፍብኝ አውቃለሁ። ይጻፍብኝ። ይህን ሁሉ የምለፈልፈው እሱ እንዲጽፍብኝ ብዬ ነው።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሃል፤ ሥራው ያው ነው፤ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ውስጥ የማላውቃቸውን ሰዎች ደም ስመረምር እውላለሁ። ስለ ትዳርም ጠይቀሃል፤ ያንን ጥያቄ ባቡር ውስጥ ረስቼው ወርጃለሁ፣ ያገኘው ሰው ይመልስልህ። አሁን መጠየቅ የእኔ ተራ ነው።

አባባ ምን ሆኗል?

ከፋሲካ ወዲህ ስንት ደብዳቤ ጻፍኩ! ሁሉንም እንደ ድሮው ሱቅህ ውስጥ አትመህ እንደምትሰጠው ነግረኸኛል። ድሮ ቢሆን ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤዬ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ፎቶው በቴሌግራም ይመለስልኝ ነበር። እዚህ ጋ ንጉሡ ሠ፣ እዚያ ጋ ጸሎቱ ጸ፣ ግርጌው ላይ ደግሞ «ስድስት ከዐሥር»። አንድ ጊዜ ስምንት አግኝቼ ዚያድን ምሳ ጋብዤዋለሁ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ፋብሪካ የሚሠራውን የጅማ ልጅ መቼም ነግሬሃለሁ። ዕድሜ ልኩን ጂኦግራፊ አስተምሮ ከአማርኛ መምህራኑ ብሶ ፊደል የሚያሳድድ ሰው እንዴት ድንገት ዝም ይላል? ስደውል ተኝቷል ትለኛለህ። ሌላ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሌላ ጊዜ ጆሮው ስልክ እንቢ ብሎታል። ሰው እንዲህ በየተራ ሁሉም ነገር ይገጥመዋል?

ትናንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አገርሽ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው አለችኝ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከዘጠኝ ሺህ ኪሎሜትር በላይ ነው አልኳትና ወዲያው የዋሸሁ መሰለኝ። በአባባ ሉል እኮ አንድ ስንዝር ነው! ትዝ ይልሃል? ያ ትምህርት ቤቱ ሊጥለው ሲል አባባ ለምኖ ያመጣው፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተጨረመተው ሉል። አውራ ጣቱን ዲላ ላይ ያሳርፍና እጁን ሲዘረጋ ትንሿ ጣቱ ልክ ሶል ላይ ትወድቃለች። አንተ ሁልጊዜ ወደ ብራዚል ነበር የምትለካው፣ ለኳሱ ስትል። እኔ ደግሞ ትንሿን ጣቴን ዲላ ላይ አድርጌ በአውራ ጣቴ ስጎተት «ተገልብጠሽ ነው የምትለኪው» ይለኝ ነበር። አውራ ጣቴ ቻይና ላይ ሲቀር ተናድጄ አለቅስ ነበር። «እጅሽ ሲያድግ ትደርሻለሽ» አለኝ አንድ ቀን። ይኸው ደረስኩ፤ የተናገረውን ያመንኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።

ነብዬ፣ እባክህ ቀይ እስክሪብቶውን አቀብለው። ዜሮ ቢሰጠኝም ግድ የለኝም።

እኅትህ ጽጌማርያም


ዲላ፤ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባቡር ውስጥ ዝንጉዋ እኅቴ ለጽጌ፥

እኛ ደህና ነን፤ አንቺስ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ እየተቀበለ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ደግሞ ልክ እንደዚህ ዓይነት ሰሞን ጠብቆ ነው የሚያኮርፈው።

የዝናቡን ነገር ብነግርሽ፣ ዘንድሮ ደግ ነው። የሉሲ ወንድሞች ከገጠር፣ ከጪጩ፣ ቡናው መቅላት መጀመሩን ሊነግሩን መጥተው ነበር፤ ለልጆቹ አንድ ፌስታል ቀይ እሸት ቡና ይዘውላቸው መጡ። ልጆቹ እየመጠጡ ፍሬውን ግድግዳ ላይ ሲተፉ አይቼ አባባ ይርጋጨፌ አጠገብ ወዳለችው የቡና ቀበሌ፣ ኢዲዶ፣ የወሰደን ቀን ትዝ አለኝ። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እያሳየ ስለ ከፍታና ስለ ዝናብ መጠን ሲያስረዳ እኛ ከኋላው ጣፋጩን ልጣጭ ስንመጥ፣ አንቺ ሆድሽን ቆርጦሽ በሞተር ሳይክል ተጭነሽ ይርጋጨፌ ጤና ጣቢያ ገባሽ። በኋላ እዚያው ጤና ጣቢያ ተቀጥረሽ ስትሠሪ «የድሮ ደንበኛቸው ናት» ብዬ ያልነገርኩት ሰው አልነበረም።

እንዲያውም አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ከሉሲ ጋር የሚያመልኩ አንዲት እናት ሱቅ መጥተው በሹክሹክታ «እኅትህ ሲኦል ናት የሚሉት እውነት ነው?» አሉኝ። ዜናው ላይ የከተማሽን ስም እንደዚያ ሲጠሩት ሰምተው ነው። ሶል ነው ብዬ ፊደል ቆጥሬ ባስረዳቸውም ሙሉ በሙሉ አላመኑኝም፤ እንጸልይላታለን ብለው ሄዱ። ስለዚህ ቀን ሲከፋብሽ ዲላ ውስጥ የሚጸለይልሽ መሆኑን ዕወቂ።

የአባባን ነገር ደጋግመሽ ጠይቀሻል። አባባ ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። ያልጻፈልሽ ቀይ እስክሪብቶው አልቆበት ነው። ስልኩንም ጆሮው ነው ብዬሻለሁ፣ አትጨቃጨቂኝ።

መምጣት ብትችዪ ግን ጥሩ ነው።

ሉሲ ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ ነብዩ


ሶል፤ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ነብዩ፥

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ። ይቅር በለኝ።

ደብዳቤህን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ በሴትዮዋ ጸሎት ሳቅኩ። ከዚያ መጨረሻው ላይ ደረስኩ። «መምጣት ብትችዪ ግን ጥሩ ነው።» ነብዬ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ጎንደር ተማሪ ሳለሁ አባባ የጻፈልኝ እኮ ነው፤ «እናትሽ ደህና ናት። መምጣት ብትችዪ ግን ጥሩ ነው።» ቃል ሳትለውጥ ነው የገለበጥከው። ያኔ አምኜ ስመጣ እማዬ ከተቀበረች ሰንብታ ድንኳኑ ፈርሶ ነበር። ደግሞስ ሱቁ እስከ ጣሪያው እስክሪብቶ የሞላ ሰው ቀይ እስክሪብቶ አለቀ ይለኛል? ውሸት እንኳን አትችልበትም።

አባባ አረፈ አይደል? ዝም በል፣ አትመልስልኝ። መቼ አረፈ? ከፋሲካ በኋላ ነው? አሞት ነው ወይስ ተኝቶ ነው ያረፈው?

አልወቅስህም። ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ በስልክ አይረዳም ብላችሁ ነው። ደግሞም ብትነግሩኝስ ምን ላደርግ ነበር? እኛ ጋ ሰው ጠዋት ቢሞት ለማግሥቱ እንኳን አያድርም። እኔ ዐሥራ አንድ ሰዓት በርሬ፣ ከቦሌ ደግሞ ሙሉ ቀን በመኪና መጥቼ የምደርሰው ለአፈሩ ነው። ይህን መንገድ ስመርጥ ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ኪሎሜትሩን ያስተማረኝ አባባ ራሱ ይህንን አልነገረኝም።

ዚያድ ከፈረቃ እንደወጣ ሰው ሰብስቦ መጣ። ድንኳን የት እንትከል ብሎ ጠየቀኝ፤ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። እያለቀስኩ ሳቅኩበት። ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ። የአባባን ስም እየጠራሁ ሳለቅስ ጎረቤቶቼ ምን እንደመሰላቸው አላውቅም፤ አንዲት አሮጊት ትኩስ ሾርባ በሬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

አንድ ነገር ብቻ ለምንሃለሁ። ሉሉን ለማንም እንዳትሰጥ። ልጆቹም እንዳይጫወቱበት፤ አንድ ውቅያኖስ ቢጨረመት ይበቃል።

የአባባ ልጅ ጽጌ


ዲላ፤ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጽጌ! አባባ አልሞተም!

አልሞተም፣ አልሞተም፣ አልሞተም። አሁን ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ አቮካዶ በማንኪያ እየበላ ነው። አንቺ ግን እንደማታምኚኝ ዐውቃለሁ፤ የሞተ አባት ያለው ሰው ሁሉ አልሞተም ነው የሚባለው። ቪዲዮ ብልክልሽም የዓምና ነው ትያለሽ። ስለዚህ የማትጠራጠሪውን ነገር ልኬልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለውን ፎቶ ተመልከቺ።

የራስሽ የለቅሶ ደብዳቤ ነው። እኔ ወረቀት ላራግፍ ይርጋጨፌ ሄጄ ነበር። ሉሲ ደብዳቤሽ ሱቁ ኮምፒዩተር ላይ መግባቱን ስታይ እንደ ልማዷ አተመችና ሳታነበው ለአባባ ሰጠችው። የሰው ደብዳቤ አታነብም፣ ታውቂያታለሽ። ስመለስ አባባ መነጽሩን አድርጎ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ፣ ከስንት ወር በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ጠጋ ብዬ ሳይ ይኸውልሽ፣ ከዳሩ ላይ እንዲህ ጽፏል፦

«ዐረፈ በዐይኑ ዐ ነው። አንድም ቦታ አላገኘሽውም። አምስት ከዐሥር። ለመሆኑ ያረፈው የማን አባት ነው? ለቅሶ መድረስ አለብን።»

ጽጌ፣ መጀመሪያ ሳቅኩ። ሰው የራሱን ሞት ፊደል ሲያርም አይቼ አላውቅም! ከዚያ አባባ ተነስቶ ጋቢውን ደረበና በሩ ላይ ቆሞ «ምን ትጠብቃለህ? የሰው ለቅሶ በጊዜ ነው የሚደረሰው» አለኝ። ምን ላድርግ? ይዤው ወጣሁ፤ እስከ ጋራው ሥር ድረስ አብረን ሄድንና እዚያ ስንደርስ ለምን እንደወጣን ረሳው። ደስ ብሎት ስለ አፈሩ ቀለም እያስረዳኝ ተመለስን። ቤት ስገባ ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ የደበቅኩሽን አሁን ልንገርሽ። እየረሳ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ባሰበት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ኮቱን ለብሶ መናኸሪያ ይወርዳል፤ የይርጋጨፌው ሚኒባስ ሲገባ አንድ በአንድ የሚወርደውን ሰው ያያል። አንቺን ነው የሚጠብቀው። እሱ ዘንድ አንቺ አሁንም ይርጋጨፌ ጤና ጣቢያ የምትሠሪ ልጅ ነሽ። በፍቃዱ፣ ያ ሰባተኛ ክፍል ያስተማረውና አሁን ባጃጅ የሚነዳው፣ ሲመሽ አሳፍሮ ያመጣዋል። ባለፈው በፍቃዱ ሲያጽናናው ሰማሁ፤ «መምህር፣ አይዞት፣ ጽጌ ነገ ነው የሚመጣው።» አባባ ምን አለው መሰለሽ? «የምትመጣው በል። ሴት ልጅ ናት።» ሰዋስውን አልረሳም። ሶል የምትባል ከተማ መኖሯንም አይረሳም፤ ብትጠይቂው ርቀቱን ይነግርሻል። አንቺ እዚያ መሆንሽን ነው አንዳንድ ቀን የሚረሳው።

ስልኩን የማልሰጠው ለዚህ ነው። በሐምሌ ደውለሽ ሰጠሁትና ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ብሎ ዘጋው፤ ከዚያ «ድምጿ ደስ ይላል፣ ማን ናት?» አለኝ። አንቺ ይህንን እንድትሰሚ አልፈለግኩም። ያረማቸው ደብዳቤዎችሽም መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ይሄዱ ነበር፤ አንዱ ላይ የኮንጎን ወንዞች ዘርዝሮ ፈረመበት። እነሱን ልኬ ከማስደነግጥሽ ዝም ይሻላል አልኩ። ዝም ማለት ገዳይ መሆኑን የት ዐወቅኩ? በአንቺ ቤት ሦስት ቀን ሞቶ ሰነበተ።

ጥሩ ቀን ደግሞ አለው። እንደዚያ ያለ ቀን ሙሉ በሙሉ አባባ ነው፤ ስምሽን ይጠራል፣ ዕድሜሽን ያሰላል፣ ያለ ባል ቀረች ብሎ ይነጫነጫል። ግን እየራቀ ነው የሚመጣው። መምጣት ብትችዪ ግን ጥሩ ነው ያልኩሽ እንግዲህ ይህ ነው። አሁን ደግሜ እጽፈዋለሁ፣ እንደ መርዶ አታንብቢው፤ ሳይረሳሽ ነይ።

ነብዩ


ሶል፤ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ነብዬ፥ ወንድምዓለም፥

ፎቶውን አተምኩና አልጋዬ ራስጌ ለጠፍኩት። አምስት ከዐሥር! በሕይወቴ እንደዚህ ያስደሰተኝ ውጤት የለም። አልቅሼ ስጨርስ ሳቅኩ፣ ስቄ ስጨርስ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። ለቅሶ የደረሰኝን ሰው ሁሉ እየደወልኩ «አባቴ አልሞተም» ማለት ነበረብኝ። አንዷ «የኔ እኅት፣ ሐኪም አይተሻል?» አለችኝ። ዚያድ ብቻ ነው ምንም ያልጠየቀኝ፤ አልሐምዱሊላህ ብሎ ጮኸና የተረፈውን እንጀራ ሊበላልኝ መጣ።

ተቀየምሽኝ ወይ ብትለኝ፣ ተቀይሜህ ነበር። አንድ ሌሊት ብቻ። ከዚያ እኔም አንተ ቦታ ብሆን ያው እንደምዋሽ ገባኝ፤ አባባ ራሱ አይደል ያስተማረን። 

ሐኪም አይቶታል ወይ ብዬ በቴሌግራም ለጠየቅኩህ የላክልኝን መልስ አነበብኩ። እኔም እዚህ የማውቃቸውን ጠየቅኩ። ያሉኝ ያው ነው። የሄደው አይመለስም፣ ያለውን ማቆየት ነው አሉ። ለእኔ የቀረልኝን ያህል አቆይልኝ ነብዬ። ማታ ማታ ስሜን ንገረው። አትጠይቀው፣ ንገረው ብቻ፤ ከጠየቅከው ፈተና ይመስለውና ይጨነቃል።

ፈቃዴ ከጥምቀት በኋላ ነው የተፈቀደልኝ፤ ከዚያ በፊት ለምኜ ለምኜ እንቢ አሉኝ። ትኬቱን ቆርጫለሁ። መጀመሪያ ወደዚህ የመጣሁባትን ቀን ታስታውሳለህ? ቦሌ ላይ አባባ የራሱን የእጅ ሰዓት ፈትቶ አሰረልኝና «ስትደርሺ በአገሩ ሰዓት ታስተካክዪዋለሽ» አለኝ። ደርሼ ላስተካክል ብል ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓትና የእኔው ቁርጥ አንድ ናቸው! እነሱ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሲሉ እናንተ ጠዋት ሁለት ትላላችሁ። በስድስት ሰዓት ይቀድሙናል፣ እኛ ደግሞ ከሌላው ዓለም በስድስት ሰዓት ለይተን ነው የምንቆጥረው፤ አንዱ ሌላውን አጠፋው። ይህንን ስነግረው አባባ ወረቀት አውጥቶ አሰላ። ማታ አራት ተኩል ተነስቼ ሦስት ተኩል ላይ ደርሻለሁ። «ልጄ ከመነሳቷ በፊት ደረሰች» እያለ መምህራን ክበብ ውስጥ ሳምንት ሙሉ እንዳወራው የጻፍክልኝ አንተ ነህ።

ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሰዓቱን አንድ ቀን አልነካሁትም። ስነቃ እሱንም የሚያነቃው ያው ሰዓት ነው እላለሁ፤ ቁጥሩ ብቻ አንድ መሆኑን እያወቅኩ። አሁን ግን እፈራለሁ። ይህን ሁሉ መጥቼ በሩ ላይ «ማን ልበል?» ቢለኝስ? ስሜን እነግረዋለሁ? ወይስ እንግዳ ነኝ ልበለው? አንተ አብረኸው ነህና ንገረኝ።

ጽጌ


ዲላ፤ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

እኅቴ ጽጌ፥

ነገ ገና ነው፤ እንኳን አደረሰሽ። ቤቱ በጎመንና በሥጋ ሽታ ታፍኗል፤ አባባ ወጥ ቤት እየገባ ሉሲን የጨዋማ ሐይቆችን ስም ይጠይቃታል።

በቴሌግራም ስለ ሻንጣሽ ጠይቀሽኝ ነበር። የልጆቹን የጫማ ቁጥር ለብቻው ልኬልሻለሁ፤ አታብዢ።

ምን ልበለው ላልሽው ሳስብበት ሰነበትኩ። አላውቅም ነው መልሱ። ስምሽን በየማታው እነግረዋለሁ። አንዳንዴ «ጎበዝ ልጅ ናት» ይላል፣ የጎረቤት ልጅ ያነሳሁበት ይመስል። ካላወቀሽ አትከራከሪው። ልጅህ ነኝ የሚለውን ሰው ማስታወስ ሲያቅተው ይደነግጣል፤ እኔንም አንድ ጊዜ ወንድሙ መስዬው ስከራከር አለቀሰብኝ። ከዚያ ወዲህ ወንድሙ ነኝ፣ ተመችቶናል።

አንድ ሐሳብ ግን አለኝ። ሐዋሳ ድረስ ከበረርሽ በኋላ መኪና ይዤ አልመጣልሽም፤ አትቆጪ። ሚኒባስ ያዢና ዐሥር ሰዓት አካባቢ ዲላ መናኸሪያ ውረጂ። እሱ እዚያ ይሆናል። ስንት ጊዜ የጠበቀው እኮ ነው፣ አንድ ቀን እንኳን ከመኪና ስትወርጂ ይይሽ። በፍቃዱ ባጃጁን አጥቦ ይጠብቃችኋል።

የምትወጂውን ቆጮ ሉሲ ቀብራልሻለች። በሰላም ነይ።

ነብዩ


ዲላ፤ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

በሩቅ አገር፣ በሶል ለምትገኘው ልጄ ለጽጌማርያም ወልደዮሐንስ፤
በእንግዳዋ እጅ።

ልጄ ሆይ፥ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ቀን፣ ቦታና ሰላምታ አሟልቻለሁ፤ አሁን ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የምትመጣው ሴት እኛ ቤት ከሰነበተች ሳምንት አለፋት። መናኸሪያ ነው ያገኘኋት። አንቺን ስጠብቅ እሷ ከሚኒባስ ወረደችና አየችኝ። ሰላም አለችኝ፤ ከዚያ አለቀሰች። መንገድ እንዲህ ያደርጋል፣ ሰውን ሆደ ባሻ ያደርጋል። አንቺ ስላልመጣሽና እሷም ማረፊያ ያላት ስላልመሰለኝ ወደ ቤት ጋበዝኋት። ከየት እንደመጣች ስጠይቃት ከሶል አለችኝ። ልጄም እዚያ ናት ብዬ ደስ አለኝ፤ ትዝ አለኝ እኮ። የእጅ ሰዓቷን አየሁት፣ የእኔ ዐይነት ነው፤ ከእኔው ጋር እኩል ነው። በዚያ አገር ሰዓት ማስተካከል እንደማያሻ ነገርኋት። ዐውቃለሁ አለች። ብዙ ነገር ታውቃለች።

ጥሩ ሴት ናት። ጥፍሬን ትቆርጥልኛለች። ሉሲን በሥራ ታግዛታለች፤ ወንድሜ ነብዩም በጣም ይወዳታል፣ እሷ ስትስቅ እሱ ዐይኑ እንባ ያቀርራል። ባል የላትም አሉኝ፤ ይገርማል።

ትናንት ሉሉን አወረድሁላት። ርቀቱን ላስተምራት ብዬ ነበር። አውራ ጣቴን ዲላ ላይ አድርጌ ሶልን አሳየኋት፤ አንድ ስንዝር። አሁን አንቺ ሞክሪው አልኋት። ትንሿን ጣቷን ዲላ ላይ አሳረፈችና በአውራ ጣቷ ተጎተተች። ተገልብጠሽ ነው የምትለኪው አልኋት። እንዲህ የምትለካ አንድ ልጅ ብቻ ነበረች የማውቀው። እጇን ይዤ ብዙ ቆየሁ። አንድ ነገር ሊመጣልኝ ነበር፤ ሰው ስሙ ምላሱ ላይ ሆኖ እንደሚጠፋው። አውራ ጣቷ ባሕሩ ላይ ቀረ፣ ጥቂት ጎደላት። አይዞሽ፣ እጅሽ ሲያድግ ትደርሻለሽ አልኋት። ትልቅ ሴት መሆኗን ረስቼ ነው። እሷ ግን አልሣቀችብኝም።

ልጄ፣ ይህን ነብዩ እንዳይሰማ ነው የምጽፍልሽ። እየረሳሁ ነው። እነሱ የማላውቅ ይመስላቸዋል፤ አልነግራቸውም፣ ያዝናሉ። በቅርቡ አንዲት ልጅ አባቷ ዐርፎባት የጻፈችውን ደብዳቤ አርሜ ነበር። ፊደሏ ደካማ ነው፤ አባቷን ግን በጣም ትወደው ኖሯል። ለቅሶ ልደርስ ወጥቼ መንገዱ ጠፋኝ። ያቺን ልጅ ብታገኚያት፣ አባቷ ዕድለኛ ሰው ነው በይልኝ።

ስለ መምጣትሽ አትጨነቂ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራም አለሽ። እኔ እንደሆነ በየቀኑ መናኸሪያ አለሁ። ናፍቀሽኛል፤ ይህን ጽፌልሽ አላውቅም መሰለኝ፣ ሁልጊዜ ፊደልሽን ብቻ ነበር የማርምልሽ። ዛሬ ደግሞ አንቺ አርሚኝ። ዐይኔ እንደ ድሮው አይደለምና ስሕተት ካገኘሽ በቀይ አስምሪበት፣ ማርክም ስጪኝ፣ አታዳዪ።

አባትሽ
ወልደዮሐንስ


(ከዚሁ ደብዳቤ ግርጌ፣ በቀይ እስክሪብቶ)

አባባ፥ ደብዳቤህ በእንግዳዋ እጅ ደርሶኛል። ፊደሉን አንድ በአንድ አየሁት፣ ምንም አላገኘሁበትም። የተሳሳትከው አድራሻው ላይ ብቻ ነው፤ «በሩቅ አገር» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። ዘጠኝ ከዐሥር።

ጽጌ፤ ከአጠገብህ ካለው ክፍል